ስርጭትና ደቀ መዝሙርነት፦ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አገልግሎት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ «የሚዲያ አገልግሎት» የሚል ርእስ መስፈር ጀምሯል። በርእሱ ሥር የሚገኘው በአብዛኛው ቁጥር ነው፤ በዩቲዩብ የተጫኑ ስብከቶች ብዛት፣ የቴሌግራም ቻናል ተከታዮች፣ የቀጥታ ስርጭት ተመልካቾች። ቁጥሩ ከአምናው ከበለጠ አገልግሎቱ እንዳደገ ይነገራል፤ ጉባኤውም በእልልታ ይቀበለዋል። በዚያው ሪፖርት ውስጥ «ደቀ መዝሙር የማድረግ አገልግሎት» የሚል ሌላ ርእስ ይኖር ይሆናል። በዚያ ሥር የሚሰፍረው ግን አጭር ነው፤ ቁጥርም ካለው ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሁለቱ ርእሶች በተለያየ ክፍል ኃላፊዎች ስለሚዘጋጁ አንዱ ስለ ሌላው አይጠይቅም።

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ሁለቱ ርእሶች ተለያይተው መቆየታቸው አገልግሎቱን እየጎዳ ነው በማለት ነው። ቴክኖሎጂ ድምፅን ያበዛል፣ ያርቃል፣ ያቆያል። ደቀ መዝሙርነት ግን የሚጀምረው ድምፁ የደረሰው ሰው መልስ ሲሰጥና መልሱን የሚሰማ ሰው ሲያገኝ ነው። በመሆኑም አንድ የቴክኖሎጂ አገልግሎት ሊመዘን የሚገባው ከደረሳቸው ሰዎች መካከል ስንቶቹ በስማቸው ታወቁ፣ ተጠየቁ፣ ታረሙ፣ ሌላውንም ለማስተማር በቁ በሚል መስፈርት ነው። ይህን ለማሳየት ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከአብነት ትምህርት ቤቶችና ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ የተወሰዱ ማሳያዎች ይቀርባሉ።

ጥቅልሉና ሠረገላው

ቤተ ክርስቲያን ለቴክኖሎጂ ባዕድ ሆና አታውቅም። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የነበሩ ክርስቲያኖች ከጥቅልል ይልቅ በገጽ የሚገለጥ መጽሐፍን ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው በስፋት መጠቀማቸውን የጥንታዊ ጽሑፎች አጥኚዎች ይስማሙበታል። ሐዋርያው ጳውሎስም በዘመኑ የነበረውን የመገናኛ ዘዴ፣ ማለትም መልእክትንና የሮም መንገዶችን፣ አሟጥጦ ተጠቅሟል። ይሁን እንጂ መልእክቶቹ ብቻቸውን አልተጓዙም። የኤፌሶኑን መልእክት ቲኪቆስ እንደሚያደርሰውና ስለ ሐዋርያው ኑሮም በቃሉ እንደሚነግራቸው ተጽፏል (ኤፌ. 6፥21-22)፤ ለሮሜ ሰዎች በተጻፈው መልእክት መጨረሻ ላይም ፌቤን በክብር እንዲቀበሏት ተጠይቀዋል (ሮሜ 16፥1-2)፤ መልእክቱን ያደረሰችው እርስዋ እንደሆነች ብዙ ተርጓሚዎች ይረዳሉ። ደብዳቤው ሲደርስ የሚያነብ፣ የሚያብራራ፣ የተቀባዮቹንም ጥያቄ ይዞ የሚመለስ ሰው አብሮት ይደርስ ነበር። የሁለተኛውና የሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት ጸሐፊ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ በግልጽ አስቀምጦታል፤ የሚጻፍ ብዙ ነገር እያለው በወረቀትና በቀለም መጨረስ እንዳልፈለገ፣ ፊት ለፊት ለመነጋገር ተስፋ እንደሚያደርግ ይገልጻል (2ዮሐ. 12፤ 3ዮሐ. 13-14)። መሣሪያውን እየተጠቀመበት ስለ መሣሪያው ዳርቻ የጻፈ ሰው ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከዚህ የቀረበው ማሳያ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ጃንደረባው ኢሳይያስን በእጁ ይዟል፤ እያነበበም ነው። (የታሪክ አጥኚዎች የህንደኬን ግዛት ከኑቢያው መርዌ ጋር ቢያያይዙትም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ታሪኩን የራሱ አድርጎ ኖሯል።) በዚያ ዘመን የነቢይን መጽሐፍ በግል መያዝ ለጥቂቶች ብቻ የተቻለ ነገር ነበር፤ በዛሬው አነጋገር ይዘቱ በሙሉ በእጁ ነበረ። ፊልጶስ የጠየቀው ጥያቄ መጽሐፉ ስለ መኖሩ ወይም ስለ መነበቡ አልነበረም፤ ስለ ማስተዋሉ እንጂ። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው መለሰና ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አወጣው። አብሮ መቀመጡ፣ ጥያቄው፣ መልሱ፣ ከዚያም በመንገድ ዳር የተገኘው ውኃ፤ ታሪኩ በሙሉ የሚሄደው በሁለት ሰዎች ንግግር ነው።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አባ አብርሃም በሚል ስምም የሚታወቀው አቡ ሩሚ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ በካይሮ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ተረጎመ። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን ገዝቶ ወንጌላትን እ.ኤ.አ. በ1824፣ አዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 አሳተመ። የማተሚያ ማሽን የዘመኑ ታላቅ ቴክኖሎጂ ነበር፤ መጽሐፉም ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የታተመው መጽሐፍ በሕዝቡ ውስጥ ሥር እስኪሰድ ግን ረጅም ዘመን ፈጅቷል፤ ያ ዘመን ያለፈውም መጽሐፉን ይዘው ከቤት ወደ ቤት በሚያነቡ፣ ማንበብ በሚያስተምሩና ከሰሚዎቻቸው ጋር በሚከራከሩ ሰዎች ድካም ነው። ማተሚያው ያደረገውን ውለታ ማንም አይክድም፤ የሠራው ግን ከሥራው ግማሹን ነው።

ማስመስከር

ስለ ደቀ መዝሙርነት በኢትዮጵያ የሚጻፍ ጽሑፍ የአብነት ትምህርት ቤትን መዝለል አይችልም። በርካታ የዘመኑ የደቀ መዝሙርነት መመሪያዎች ከውጭ ተተርጉመው ሲገቡ አገር ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየውን ሥርዓት እንደሌለ ቆጥረው ማለፋቸው የሚያስቆጭ ነው፤ ይህ አስተያየት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን ይበልጥ ይመለከታል።

የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ከአገሩ ወጥቶ የኔታ ወዳሉበት ይሄዳል። ዜማውን፣ ቅኔውን ወይም ትርጓሜውን የሚማረው በቃል ነው፤ መምህሩ ያስቀጽላሉ፣ ተማሪው ይቀጽላል፤ ስቶ ሲገኝ እዚያው ይታረማል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሳይታወቅ መማር የሚባል ነገር የለም፤ የተማሪው ድምፅ፣ ስሕተቱ፣ ስንፍናው፣ ጠባዩ ሁሉ በየኔታና በጓደኞቹ ዘንድ የታወቀ ነው። ትምህርቱ ሲጠናቀቅም የሚጠበቀው ነገር «ማስመስከር» ይባላል። ድጓን የተማረ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል፦ አንድ ሰው ማወቁ የሚረጋገጠው ሌላ የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ሰምቶት ሲመሰክርለት ነው።

ዛሬ የታላላቅ ሊቃውንት ዜማ በድምፅና በምስል ተቀርጾ በዩቲዩብና በቴሌግራም ይገኛል። ይህ ቀላል በረከት አይደለም። በጦርነትና በድርቅ፣ በተማሪዎች ቁጥር ማነስና በመምህራን ዕድሜ መግፋት ሳቢያ ሊጠፋ የሚችል ሀብት ለትውልድ ይቆያል፤ በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ያለ ወጣትም የማያገኘውን ድምፅ ያገኛል። ነገር ግን ቀረጻው የሚያሰማ እንጂ የሚሰማ አይደለም። ተማሪው ከቀረጻው ጋር አብሮ እያዜመ አንድን ምልክት ለዓመታት ስቶ ሊኖር ይችላል፤ የሚያቆመው የለም። የአብነት ትምህርት ቤቶችን በቴክኖሎጂ ለመደገፍ የሚነሡ ፕሮጀክቶች ብዙውን ገንዘብ በቀረጻና በማከማቸት ላይ ሲያውሉ የየኔታን ቀለብና መጠለያ ቢዘነጉ ትርፋቸው ማኅደር ይሆናል፤ አስመስካሪ አይሆንም።

ከዚህ የሚገኘው መርሕ ለሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት ይሠራል። የደቀ መዝሙርነት ኮርስ በኢንተርኔት ተከታትሎ የጨረሰ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን የሰጠው አካል ሰውየውን አይቶት ያውቃልን? ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ በሥራ ቦታው ጉቦ ሲቀርብለት ምን እንደሚያደርግ የሚመሰክርለት ማን ነው? ጌታ ዐሥራ ሁለቱን የመረጠበት የመጀመሪያ ምክንያት ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ እንደሆነ ማርቆስ ይናገራል (ማር. 3፥14)፤ ለስብከት መላካቸው ከዚያ በኋላ የተጠቀሰ ነው። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የተቀመጠ አይመስልም።

ጣቢያው ሲወሰድ

የካቲት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በአፍሪካ ከተቋቋሙት ክርስቲያናዊ የብዙኃን መገናኛዎች ሁሉ ትልቁን ስፍራ ከያዙት አንዱ ነበር። በሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሚተዳደረው ይህ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ወደ አፍሪካ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ ያሰራጭ ነበር፤ አማርኛም ከስርጭት ቋንቋዎቹ አንዱ ነበር። ከስብከት ጋር ዜና፣ የጤናና የግብርና ምክር፣ የትምህርት ዝግጅት ያቀርብ ስለነበር ከክርስቲያኖች ውጭ ያሉ አድማጮችም ያዳምጡት ነበር። አወቃቀሩ ደግሞ ለዛሬም አስተማሪ ነው፦ ዝግጅቶቹ በብዛት የሚሰናዱት አድማጩ በሚኖርበት አገር ባሉ ስቱዲዮዎች፣ አድማጩን በሚያውቁ ሰዎች ሲሆን ተቀርጸው ወደ አዲስ አበባ ይላኩ ነበር። የአድማጮች ደብዳቤም የሚነበብና መልስ የሚሰጠው ነገር ነበር። ማሰራጫው አንድ ሲሆን ሥሩ ግን በየአካባቢው ነበረ ማለት ይቻላል።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ሕንጻው፣ ማሰራጫው፣ መሣሪያው ሁሉ በአንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን እጅ ወጣ።

ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ሊታይ የሚገባው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ሕንጻዎቿን ወሰደ፤ መሪዎቿን አሰረ። በዚያን ጊዜ የአባላቷ ቁጥር 5,000 ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል አደባባይ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የአምልኮ አዳራሽ አልነበራትም። ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተከፋፍለው፣ ሰዓትና ቦታ እየቀያየሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩና ይማሩ ነበር፤ ቤታቸውን በመክፈትና በማስተማርም የሴቶች ድርሻ ከፍተኛ ነበር። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ሲወጡ ቁጥራቸው 34,000 ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ «ቴክኖሎጂ አያስፈልግም» የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ሰው ይቸኩላል። በዚያው ዘመን መዝሙሮች በካሴት እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር፤ በእምነቱ ምክንያት ለዓመታት የታሰረው የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ብዙዎች ጋ የደረሱት በካሴት ነው። ስደቱ ራሱም ለዕድገቱ ምክንያት መሆኑ፣ የአብዮቱ ተስፋ መክሰምም ብዙዎችን ወደ እምነት መግፋቱ ሊዘነጋ አይገባም። ሆኖም ካሴቱን ከዛሬው ቻናል የሚለየው አንድ ነገር አለ። ካሴቱ የሚደርሰው ሰጪው ተቀባዩን ሲያምነው ብቻ ነበር። መዝሙሩን የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተገናኝተው ስለ እርሱ ይነጋገራሉ። ቴክኖሎጂው የሚጓዘው በትውውቅ መስመር ላይ ነበር። የቤት ለቤት ቡድኑም በአማካይ ከጥቂት ሰዎች ስለማይበልጥ አንድ ሰው ቢቀር መቅረቱ ይታወቃል፤ ይፈለጋል።

ከአንድ ሺህ ተመልካች መካከል አንዱ ከቀጥታ ስርጭት ቢጠፋ ግን የሚታየው ነገር ቁጥሩ 999 መሆኑ ነው።

የተመልካች ገበያ

የዛሬው ሁኔታ ከሬዲዮው ዘመን በሌላ መንገድም ይለያል። ብሥራተ ወንጌል ምን እንደሚያሰራጭ የሚወስነው የራሱ አዘጋጅ ነበር። ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ግን ማን ምን እንደሚያይ በአመዛኙ የሚወስነው የኩባንያዎቹ ስልተ ቀመር ነው፤ ስልተ ቀመሩም የሚሠራው ተመልካቹን ማያ ገጹ ላይ ለማቆየት ነው። ይህ በአገልግሎቱ ይዘት ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሮሜን መልእክት በተከታታይ የሚያብራራ መምህር ጥቂት ተመልካች ሲያገኝ በሌላው እምነት ላይ የተሰነዘረ የአንድ ደቂቃ ስላቅ በብዙ እጥፍ ይታያል። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም በዚህ ረገድ የሚተማመኑ አይደሉም፤ ሁለቱም ወገን ተከራካሪዎችን በብዛት እያፈራ ነው። በክርክር ቪዲዮ ብቻ ያደገ ወጣት የሌላውን ስሕተት በቃሉ ያውቃል፤ የራሱን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ሰዓት ላያውቅ ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው የተአምርና የትንቢት ገበያ ነው። ስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ በማያ ገጹ ግርጌ እየሮጠ ለታመመውና ለሥራ አጡ ተስፋ ይሸጣል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና ሌሎቹ የሞባይል ክፍያ ዘዴዎች ዐሥራትና ምጽዋት መስጠትን አቅልለዋል፤ ለአጭበርባሪውም እንዲሁ። በአጥቢያ ውስጥ አገልጋዩ ምን ይበላል፣ የት ያድራል፣ ገንዘቡን ምን አደረገው ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ወይም ሰበካ ጉባኤ አለ። በቻናል ላይ ይህ ጠያቂ የለም፤ ተጠያቂነት ደግሞ የደቀ መዝሙሩ ብቻ ሳይሆን የመምህሩም ጉዳይ ነው።

መሠረተ ልማቱም አስተማማኝ አይደለም። የካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ላይ በተከሠተው ችግር ወቅት ማኅበራዊ ሚዲያዎች ታግደው እገዳው ለአምስት ወራት ያህል ቆይቷል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። ሁለንተናዋን በቻናሏ ላይ ያቆመች አገልግሎት በእነዚህ ቀናት የት ነበረች ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የተማርነው በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር፤ የጸሎት ስርጭት በቴሌቪዥን ወደየቤቱ ገባ፤ በጎ ነገርም ሠራ። አብያተ ክርስቲያናት እንደገና ሲከፈቱ ግን አንዳንዱ ምእመን ሶፋው ላይ ቀረ። ማን እንደቀረ ያወቁት የአባሎቻቸውን ስም ዝርዝር ይዘው ሲደውሉ የከረሙት አጥቢያዎች ናቸው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው አዲስ መጤ ጥቂት መናገር ይበቃል። ጥያቄ ቢጠየቅ በአማርኛ ይመልሳል፤ ጥቅስ ያጣቅሳል፤ ስብከት ያሰናዳል። ነገር ግን በአማርኛ የተማረበት ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ የሌለ ጥቅስ በልበ ሙሉነት ሲያቀርብ፣ የአንዱን ቤተ እምነት ትምህርት ለሌላው ሲሰጥ ይገኛል። ለመዝገበ ቃላትነትና ለረቂቅ ዝግጅት የሚጠቀምበት ይጠቀም። የንስሐ አባት ወይም የእምነት ታላቅ አድርጎ የሚይዘው ወጣት ግን የሚያዝንለት የሌለበት ቤት ገብቷል።

ስልኩ ብቻ ያላት ምእመን

እስከዚህ ለቀረበው ሙግት ከባዱ ፈተና የሚመጣው ከዓረብ አገሮች ነው። በቤት ሠራተኝነት በሳዑዲ ዓረቢያ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የላትም፤ በአገሩ ከእስልምና ውጭ ላሉ እምነቶች የአደባባይ አምልኮ አይፈቀድም። በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በባሕሬንና በቤይሩት አብያተ ክርስቲያናት ቢኖሩም የዕረፍት ቀን ለማይሰጣት፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ላለ፣ በከፋላ ሥርዓት ለታሰረች ሴት ያው ነው። ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ወይም በጠባቧ ክፍሏ፣ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማው ስብከት፣ ውዳሴ ማርያም ወይም መዝሙር ለእርስዋ የእሑዱ ጉባኤ ተጨማሪ አይደለም፤ ጉባኤዋ ራሱ ነው። «ፊት ለፊት ካልሆነ ደቀ መዝሙርነት የለም» የሚል አቋም ይህችን ሴት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያደርጋታል። ስለዚህ አቋሙ እንዳለ ሊያዝ አይችልም።

ነገር ግን እርስዋን በእውነት የሚያገለግላት ምን ዓይነት ቴክኖሎጂ ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ይመልሳል። አንድ መቶ ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ያጽናናታል፤ ማዳሟ ደመወዟን ስትከለክላት፣ የቤቱ ልጅ ሲያስቸግራት፣ አገር ቤት የላከችው ገንዘብ በወንድሟ ሲባክን ግን ቻናሉ አይሰማትም። የሚሰማት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እርስዋ በምትችልበት ሰዓት የሚደውልላት ሰው ነው፤ የድምፅ መልእክቷን ሰምቶ በስሟ ጠርቶ የሚመልስላት የንስሐ አባት፣ የምትማርበት የአምስት ወይም የስድስት እኅቶች የቴሌግራም ቡድን። በእርግጥ ቅዱስ ቁርባን በስልክ አይመጣም፤ የኦርቶዶክሱ ምእመን ይህን ረሃብ ይዞ ነው የሚኖረው፤ አገልጋዩም ረሃቡን በቪዲዮ እንደሞላው ማስመሰል የለበትም። ምክሩ፣ ክትትሉ፣ ትምህርቱ፣ አብሮ መጸለዩ ግን ይቻላል፤ እየተደረገም ነው። ይህ አገልግሎት በየትኛውም የተመልካች ቆጠራ ውስጥ አይታይም።

እዚህ ላይ የጥንቃቄ ጉዳይ አለ። በሰፊ ቡድን ውስጥ የጸሎት ርእስ ተብሎ የተጻፈ የግል ምስጢር ከቡድኑ ወጥቶ የሴቲቱን ሥራ፣ አንዳንዴም ሕይወቷን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በአገር ውስጥም ቢሆን በበሽታው ወይም በትዳሩ ችግር ላይ ጸሎት የጠየቀ ሰው መልእክቱ በማያ ገጽ ቅጂ ተይዞ ሲዞር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምስጢር መጠበቅ የጥንቱ የንስሐ አባትነት መሠረት ሆኖ ሳለ በሚዲያ አገልግሎት ሥልጠና ውስጥ ከካሜራና ከመብራት አቀማመጥ ያነሰ ቦታ መያዙ ሊታረም ይገባዋል።

ሊደረግ የሚችለው

አንድ አጥቢያ ቻናል ከመክፈቱ በፊት መልስ ሰጪዎቹን ቢቆጥር መልካም ነው። ለሚመጣው ጥያቄ በስሙ መልስ የሚሰጥ፣ ጠያቂውን በአካባቢው ካለ አጥቢያ ወይም አገልጋይ ጋር የሚያገናኝ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና የሚደውል ሰው ከሌለ ስርጭቱን ማስፋት አገልግሎቱን አያሰፋውም። ይህ ለትናንሽ አጥቢያዎች ሸክም መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በእውነቱ ግን ዕድላቸው ነው። ውድ ካሜራ የላቸውም፤ የምእመኖቻቸውን ስም ግን ያውቃሉ። አንድ ተራ ስልክና የተመዘገበ የስም ዝርዝር ያለው የወጣቶች አስተባባሪ፣ ሙሉ ስቱዲዮ ካለው ነገር ግን ተመልካቹን ከማያውቅ ክፍል የበለጠ ደቀ መዝሙር ሊያፈራ ይችላል። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት፣ ስማርት ስልክም ለሁሉ በማይደርስበት ገጠር ደግሞ በሜሞሪ ካርድ የሚዞር ትምህርት፣ ሬዲዮና መደበኛ የስልክ ጥሪ እንደ ኋላ ቀር መታየታቸው ቢቀር ይበጃል።

ገንዘቡም ውይይት ይፈልጋል። ለሚዲያ መሣሪያ ግዢ የሚለመነው ገንዘብ በቀላሉ ይሰበሰባል፤ ካሜራው ይታያል፣ ይመረቃል። ለአንድ የክትትል አገልጋይ የአንድ ዓመት ደመወዝ ወይም ለየኔታ ቀለብ መለመን ግን ከባድ ነው፤ ውጤቱ በሪባን አይቆረጥምና። በጀት የሚያጸድቁ ጉባኤያት ሁለቱን ወጪዎች በአንድ መስመር ላይ አስቀምጠው ቢያዩ፣ ለመሣሪያ ከሚወጣው እያንዳንዱ ብር ጋር ለሰው የሚወጣውን አብረው ቢጠይቁ፣ በመግቢያው የተጠቀሱት ሁለት የሪፖርት ርእሶች መነጋገር ይጀምራሉ።

ለተመራማሪዎችም የቀረ ሥራ አለ። ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ሚዲያ የሚቀርቡ የማስተርስ ጥናቶች በአብዛኛው መጠይቅ በትነው ተጠቃሚው ምን ያህል እንደረካ ይለካሉ፤ እርካታ ግን የደቀ መዝሙርነት መለኪያ አይደለም። የሚሻለው ጥናት ቀርፋፋ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በቀጥታ ስርጭት ወይም በቴሌግራም በኩል ወደ አንድ አጥቢያ የመጡ ሰዎችን መዝግቦ የያዘ ቤተ ክርስቲያን ካለ፣ እነዚያ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ፣ ማን እንደተከታተላቸው፣ ከእነርሱም መካከል ሌላ ሰው የሚያስተምር ማን እንደሆነ አንድ በአንድ እየጠየቁ መከተል ይቻላል። በተመሳሳይ መንገድ ከተቀረጸ ዜማ ብቻ የተማሩና በየኔታ ፊት የተማሩ ተማሪዎች ለማስመስከር ሲቀርቡ የሚታየውን ልዩነት ከአስመስካሪ መምህራን ጋር ተቀምጦ ማጥናት ይቻላል። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች በስልክ ስላገኙት አገልግሎት የሚሰጡት ቃልም ገና በወጉ አልተሰበሰበም፤ ብዙዎቹ ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በጅማና በየገጠሩ ይገኛሉ፤ የሚጠይቃቸው ካለ ለመናገርም ፈቃደኞች ናቸው።